ፍላሽ ይዛችሁ የመጣችሁ
(ለሙዚቃ ቅንብር ሠልጣኞች ምረቃ የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ። ውድ ተመራቂዎች፣ ወላጆች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ።

«ቤት ውስጥ ለመቅዳትና ቢት ለመሥራት የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» በሚለው ላይ አስር ደቂቃ እንድናገር ተጠይቄያለሁ። መልሱ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። የቀረውን ስለ ክራክ፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ሳይከፈልበት ስለሚጫን ሶፍትዌር፣ ላውራበት።

ያኔ ስቱዲዮዬ መኝታ ቤቴ ነበር። ዘፋኙን ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ በኮትና በጋቢ መሃል አቆመዋለሁ። አትሳቁ፤ ጋቢ የክፍሉን ጩኸት ይውጣል። ሶፍትዌሩን ጓደኛዬ በፍላሽ ነው የሰጠኝ። «ስትጭነው አንቲቫይረሱን አጥፋው» አለኝ። አጠፋሁት። ሌባ በር ክፈትልኝ ሲለው የሚከፍት ሰው አይታችሁ ካላወቃችሁ፣ እኔን እዩኝ።

ግንቦት ላይ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ለዘመድ ሰርግ ከጎጃም መጡ። ለምኜ ቤቴ ወሰድኳቸው። አንቺሆዬን ሲጫወቱት እናቴ ቡናውን እሳት ላይ ረስታ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ዘፈኑ ለእንቁጣጣሽ ሊወጣ ነው። ጳጉሜ 2 ጠዋት ላፕቶፑን ስከፍት ፋይሉ ሁሉ ተቆልፏል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ዶላር የሚጠይቅ ደብዳቤ ብቻ ተቀምጧል። መጠባበቂያ ቅጂ? እሱም እዚያው ላፕቶፕ ላይ። ማሲንቆ ተጫዋቹ ጋ ደወልኩ፤ ስልካቸው አይሠራም። ሰው ላክሁ፤ አላገኛቸውም። ዘፈኑ በኪቦርድ ማሲንቆ ወጣ። እስከ ዛሬ ታክሲ ውስጥ ከተከፈተ እወርዳለሁ።

የሚያናድደኝ ግን ይሄ አይደለም። ካሴት በየሱቁ ሲባዛ ማነው የጮኸው? እኛ! የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይከበር እያለ የሚወተውተው ማነው? እኛ! አዋጁ እኮ የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። «ዘፈኔን ሰረቁኝ» ብለን የምናለቅስለትን ዘፈን በተሰረቀ ሶፍትዌር ነው የምናቀናብረው። ከዚያ ቴሌቪዥን ላይ ወጥተን ስለ መብት እናወራለን። እፍረት የለንም እንዴ?

«የዶላር ካርድ ከየት ይምጣ?» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው። እኔም ለሕጋዊው ሶፍትዌር አሜሪካ ያለች አክስቴን ለምኜ ነው የከፈልኩት።

እሺ፣ ወደ ሶፍትዌሩ ምርጫ። ማክ ያለው ጋራዥባንድን ይክፈት፤ ነፃ ነው። ዊንዶውስ ያለው ሪፐርን ይሞክር። 60 ቀን ምንም ሳይቆለፍ ይሠራል፤ ከዚያ ለግል ተጠቃሚ 60 ዶላር ነው። አሮጌ ላፕቶፕንም አያስጨንቅም። «ኤፍኤል ስቱዲዮ ካልሆነ» የሚል ቢት ሠሪ የሙከራውን ያውርድ። ያስቀመጣችሁትን ፕሮጀክት እስክትገዙት ድረስ መልሶ አይከፍትላችሁም፤ ቢቱን ግን የድምፅ ፋይል አድርጎ ያወጣላችኋል። ስለዚህ ከወንበር ሳትነሱ ጨርሱት። ለመግዛት ስታስቡ ደግሞ ርካሹ፣ ፍሩቲ የሚባለው፣ ዘፋኝ ያስቀዳ እንደሆነ መጀመሪያ አረጋግጡ፤ ፕሮዲውሰር የሚባለው ግን ያስቀዳል። አንዴ ከገዛችሁት ማሻሻያው የዕድሜ ልክ ነፃ ነው። ሌሎቹን፣ ኤብልተንና ኪውቤዝን፣ የለመደ ይሥራባቸው።

ሲከፈቱ ሁሉም 4/4 ምት ላይ ናቸው። ችክችካ የምትሠሩ መጀመሪያ 6/8 አድርጉት፤ አለበለዚያ ከበሮው ያነክሳል።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፤ ሻዩም ደርሷል። ላፕቶፔ እዚያ ጥግ ነው። ፍላሽ ይዛችሁ የመጣችሁ ኑ፣ የሪፐርን መጫኛ እገለብጥላችኋለሁ። ሃያ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። አንቲቫይረሱን አታጥፉት።