ስከሳ የመጣብኝ ብርድ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እና ስለ ብርድ ነው ማውራት የፈለኩት። ባለፈው አመት 17 ኪሎ ቀንሻለሁ፣ ያልነገርኳችሁ ግን ከዛ በኋላ የያዘኝን ብርድ ነው፣ ማለቴ ሰው ሁሉ በቲሸርት በተቀመጠበት ክፍል እኔ ሹራብ ደርቤ እጄን ጭኔ መሃል ወትፌ ነበር የምቀመጠው። በፊት እኮ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ገፍፌ መስኮት የምከፍት ሰው ነበርኩ!

ያኔ የጨበጠኝ ሁሉ "ትኩሳት አለሽ እንዴ" ይለኝ ነበር፣ መዳፌ ይግል ነበር፣ በዛው መዳፍ ሆዴን ስነካው ግን ቀዝቃዛ ነው። ለካ ከቆዳ ስር ያለው ስብ ሙቀቱን ወደ ውስጥ አፍኖ ይይዘዋል፣ ሰውነት ደግሞ በሆድ በኩል መውጫ ሲያጣ በእጅ በኩል ያስወጣዋል። በቴርሞሜትር ስለካ ግን ያው 37 አካባቢ ነኝ።

ይሄን የሚቆጣጠረው ሃይፖታላመስ የሚባል አንጎል ስር ያለ ትንሽዬ ክፍል ነው። እና ስባችን ራሱ ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፣ በ1994 ነው የተገኘው፣ ስራው ለአንጎል "ስንቅ አለ" ብሎ መንገር ነው። ሌፕቲን መስራት የማይችሉ አይጦች አሉ፣ በጣም ወፍራም ናቸው፣ ግን ሰውነታቸው ቀዝቃዛ ነው፣ 4 ዲግሪ ውስጥ ብታስቀምጧቸው በሰአታት ውስጥ ሊሞቱ ይችላሉ፣ ሌፕቲን ሲወጉ ደግሞ ሙቀታቸው ከፍ ይላል። ይሄን ያነበብኩ ቀን ስልኬን አስቀምጬ ዝም አልኩ። ያን ሁሉ ስብ ተሸክመው ይበርዳቸዋል፣ ለምን፣ መልእክቱ አንጎል ጋ ስላልደረሰ!

የኔም ነገር እዚህ ጋ ነው። ሰው ሲከሳ ሌፕቲኑ ይወርዳል፣ አንጎል ደግሞ ረሃብ ገባ ብሎ ያስባል፣ ከዛ ቲ3 የሚባለው፣ ሰውነት ጉልበት አቃጥሎ እንዲሞቅ የሚያደርገው የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለች እጢ) ሆርሞን ይቀንሳል፣ ነርቮች የሚለቁት ኖርአድሬናሊንም ይቀንሳል፣ እሱ ነው እንግዲህ ቡናማ ስብ የሚባለውን፣ ሙቀት የሚያመነጨውን የስብ አይነት "አቃጥል፣ ሙቀት አምጣ" ብሎ የሚያዘው። ቡናማ ስብ የህጻናት ብቻ ይመስል ነበር፣ በ2009 ነው አዋቂዎችም አንገታቸውና ትከሻቸው አካባቢ የሚሰራ እንዳላቸው በስካን በደንብ የታየው፣ ወፍራም ሰዎች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስራው ደከም ያለ ነው።

እና ሁለት ኪሎ መልሼ ስጨምር አንድ በጣም የምወደው ሰው "ሰነፍሽ አይደል" አለኝ። አልመለስኩለትም፣ አሁን ግን የምለው አለኝ፣ እኔ እየራበኝና እየበረደኝ ነበር የምታገለው፣ ሰውነቴ እሳቱን ቀንሶ ስንቁን እየቆጠበ ነበር፣ ይሄ ስንፍና አይባልም።

ብቻ ብርድ ሲበዛባችሁ፣ በተለይ ድካምና የቆዳ መድረቅ ካለው፣ ዳይቱ ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ታይሮይድ ተመርመሩ። እኔ ተመርምሬ ደህና ነው ተባልኩ፣ ሹራቤን ግን ገና አላወለቅኩም።