ደንገጎ ሲጠቁር

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከጀርባዬ የሚሰማችሁ የወፍ ጫጫታ ነው። መስኮቱን ልዝጋው ብዬ ነበር፤ በዚህ ወበቅ ግን ተዘግቶ አይወራም። ደግሞም የዛሬው ወሬዬ ከመስኮቱ ውጪ ስላለው ነገር ነው።

ሐምሌ ነው። ደገኛ ዘመዶቼ ሲደውሉ ስለ ብርድና ስለ ጭቃ ያወሩኛል። እኔ እዚህ ድሬዳዋ በሽርጥ ተቀምጬ ላቤን እየጠረግኩ ነው የምሰማቸው። ክረምቱ እኛም ጋ ይገባል፤ አገባቡ ግን ለየት ይላል።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከወንዙ ማዶ ወዳለው መጋላ ሰፈር ልሻገር ከቤት ወጣሁ። ስልኬ ፀሐይ ነው ይላል። ቀና ብዬ ሳይም እውነቱን ነው፣ ከራሴ በላይ ቁራጭ ደመና የለም። መንገድ ለማሳጠር በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በኩል ልወርድ ስል አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ከደጃቸው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ በድልድዩ ዙር።»

«ምነው እማማ?»

«ደንገጎን አላየኸውም?» አሉና በአገጫቸው ወደ ደቡብ ጠቆሙኝ።

ዞር ብዬ ባይ ተራራው የለም። ከወገቡ በላይ ጥቁር ደመና ውጦታል፤ ከደመናው ሥር ዝናቡ እንደ ተሰጣ ነጠላ ተንጠልጥሏል። እዚህ እኛ ጋ ግን ፀሐዩ አናት ይበሳል። እሳቸው ሰማይ አያዩም፣ ተራራ ነው የሚያዩት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ኖሬ ሰማይ ሰማይ ሳይ ከርሜያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው። ከደቡብ በኩል ያሉት ተራሮች ከ2,000 ሜትር ያልፋሉ። እዚያ ላይ የዘነበው ዝናብ ገደሉ ቀጥ ያለ፣ ድንጋዩ የተራቆተ፣ ዛፉም የሳሳ ስለሆነ የሚይዘው የለም፤ ተንደርድሮ መሐል ከተማችን ይገባል። ደቻቱ ደግሞ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ፍየል ይነዳበታል፣ አሸዋ ይጫንበታል። ወንዝነቱ ይረሳል።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል የመጣውን ጎርፍ የድሬ ሰው አይረሳም። ሌሊት ነው የመጣው፣ ሰው ተኝቶ። ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ትዝ የሚለኝ ድምፁና የእናቴ እጅ ነው፣ ክንዴን ጨምድዳ ይዛኝ። ከዚያ በኋላ ወንዙ ዳር ግንብ ተሠራ። ግንቡ ጥሩ ነው። ግን እኚህ እናት ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ተራራውን ማየታቸውን አልተዉም፤ አላፊ አግዳሚውንም ያስጠነቅቃሉ። ይሄን ሳስብ፣ እውነቴን ነው፣ ሆዴ ይባባል።

እሺ፣ በድልድዩ ዞርኩ። በከዚራ ሰፈር በኩል ስሄድ ዛፎቹ ሥር አንድ ቀይ አበባ ወድቆ አገኘሁ። ሌላው አገር የድሬዳዋ ዛፍ የሚሉት ነው፤ ስሙን ከኛ ቢያገኝም ዘሩ ከማዳጋስካር ነው። ግንቦት ላይ ከተማውን እሳት ያስመስለዋል፣ አሁን ጥቂት ቀርቶታል። አንስቼ አየሁት። አምስት ቅጠል አለው፤ አራቱ ድፍን ቀይ ናቸው፣ አምስተኛው ግን ነጣ ያለ ሆኖ በቀይ የተዥጎረጎረ። ልጅ ሆነን የዚህን ዛፍ ደረቅ ቆባ እያንሿሿን ስንጨፍር አድገናል፣ አበባውን ግን እንዲህ አይቼው አላውቅም። ኪሴ ከተትኩት።

ድልድዩ ላይ ስደርስ ሰው ቆሟል። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፣ የራሰ አፈር ሽታ፣ ከቀዝቃዛ ነፋስ ጋር። ቀጥሎ ከሩቅ እንደ ወፍጮ ያለ ድምፅ፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋጭ ነው። ከዚያ ውሃው ራሱ ብቅ አለ። ግንባሩ ከሰው እርምጃ አይፈጥንም። ቡናማ አረፋ፣ ጭራሮ፣ ባዶ ሃይላንድ፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ እየገፋ ይመጣል። አሸዋው ይጠጣዋል፣ ሌላው ከኋላ ይደርስበታል፤ የደረቀው አቧራ ውሃው ላይ ሳይርስ ይንሳፈፋል። ትንሽ ቆይቶ እኔ ልሄድበት የነበረው መንገድ ከዳር እስከ ዳር ውሃ ሆነ። ከላያችን አሁንም ፀሐይ ነው። ጠብታ አልወረደብንም።

አንዱ ልጅ «አቦ፣ ደቻቱ መጣ!» ብሎ ጮኸ፤ ከጎኑ ያሉት ሽማግሌ ግን ዝም ብለው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ዱዓ ይመስለኛል።

ሲመሽ ጎደለ። በማግስቱ ጠዋት ማዶ ለማዶ አዲስ አሸዋ ተነጥፏል፣ የወፍ እግር ብቻ ያለበት። ትናንት ሳልፍ አንድ እረኛ ልጅ አሸዋውን በእጁ እየማሰ ነበር። ክንዱ እስከ ክርኑ ሲገባ ውሃ አቀረረ። ልጁ ገለል ሲል አንዲት ነጭ ፍየል ተንበርክካ አፏን ከተተች። ዛሬ በዚያው ሳልፍ ጉድጓዱ ግማሹ ተንዷል፤ ታቹ ግን አሁንም እርጥብ ነበር።