የመድኃኒት ዋጋ ገበና አይደለም

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ! እሑዳችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

እኔ የምሠራው እዚሁ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፋርማሲ ውስጥ ነው። አንዲት እናት አሉ፤ የወር ክኒናቸውን በየሁለት ወሩ ነበር የሚወስዱት። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ጠየቅኳቸው። ግራ ቀኝ አዩና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አድርገው፣ «በቢላዋ ለሁለት እከፍለዋለሁ ልጄ። አደራ፣ ልጆቼ እንዳይሰሙ» አሉኝ። ክኒኑ ኤሊክዊስ ነው፣ የደም ማቅጠኛ። ግማሹን ሲውጡ ደም ሊረጋ፣ ስትሮክም ሊመጣ ይችላል። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በዚህ አገር ሰው በምኑም አይስማማም። በዚህ ግን ይስማማል። ኬኤፍኤፍ የተባለው የጤና ጥናት ተቋም በተደጋጋሚ ሕዝቡን ሲጠይቅ፣ ከ10 ሰው 8ቱ ያህል መንግሥት በመድኃኒት ዋጋ ላይ ይደራደር ይላል። ዴሞክራቱም ሪፐብሊካኑም።

ሕጉ ግን ወደ ሕዝቡ ሐሳብ ለመምጣት ብዙ ዓመት ፈጅቷል። ሜዲኬር የሚባለው፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ መድኃኒት እንዲሸፍን ያደረገው የ2003ቱ ሕግ ራሱ፣ መንግሥት ከኩባንያዎቹ ጋር እንዳይደራደር ከልክሎ ነበር። ለጅምላ ገዢ «ዋጋ አትከራከር» ማለት እኮ ነው! ይህ የተለወጠው በነሐሴ 2022 ነው። ሴኔቱ 50 ለ50 ተከፍሎ፣ አዲሱ ሕግ በጊዜው ምክትል ፕሬዚዳንት በነበሩት በካማላ ሃሪስ ድምፅ አለፈ። በአንድ ድምፅ!

ከዚያ ወዲህ በሜዲኬር ኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር አይበልጥም። ለተሸፈኑ መድኃኒቶች በዓመት ከኪስ የሚወጣውም በ2025 2,000 ዶላር ላይ ቆመ፤ በ2026 ጣሪያው 2,100 ነው። የእኚያ እናት ኤሊክዊስ ደግሞ በመጀመሪያው ድርድር ከገቡት 10 መድኃኒቶች አንዱ ነው። የወሩ ዋጋ 521 ዶላር የነበረው፣ ከጥር 2026 ጀምሮ ለሜዲኬር 231 ሆኗል።

ሥራው ግን አላለቀም። የ35 ዶላሩ ጣሪያ የግል ኢንሹራንስ ላላቸውም እንዲሆን ተሞክሮ ነበር። በሴኔቱ 60 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፣ 57 ተገኘና ወደቀ። ኡበር እየነዳ በስኳር የሚሰቃየው የ50 ዓመት ወንድማችን ከፌዴራሉ ጣሪያ ውጭ የቀረው በ3 ድምፅ ነው።

እኛስ የት ነበርን? የሕዝብ አስተያየት የሚጠይቁ ሲደውሉልን፣ ቁጥሩን ካላወቅነው አናነሳም። ለተወካያችን ቢሮ ደውለን አናውቅም። ሕመምን ገበና አድርገን ነው ያደግነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እየተባልንም፣ በሽታውንም ዋጋውንም አብረን ደበቅን። እኔ ይህን ዝምታ እፈራዋለሁ። ክኒን በቢላዋ የሚከፈለው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነውና።

ስለዚህ ዛሬ እንጀምር። እዚያ ጥግ ጠረጴዛ አለ። የተወካዮቻችን ቢሮ ስልክ ተጽፎ ተቀምጧል፤ እንግሊዝኛው የከበደው አብረን እንደውላለን። ገቢው አነስ ላለ ሰው «ኤክስትራ ሄልፕ» የሚባል የመንግሥት ድጋፍ አለ፤ ቅጹን አብረን እንሞላለን። የመድኃኒት ብልቃጦቻችሁን በቦርሳ የያዛችሁ፣ ቅድሚያ ለእናንተ ነው። ኑ።