ደመወዙ አሪፍ ነው፤ ፊርማው ግን የማን ነው?

[ምስል፦ ኮምቦልቻ፤ ከዚያ የቦርከና ወንዝ]

ቆዳ በፋብሪካ ሲለፋ ክሮም የሚባል ኬሚካል ይገባበታል። ቆዳው ግን ሁሉንም አይጠጣውም፤ የተረፈው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። ማጣሪያው ከሠራ ክሮሙ ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። ካልሠራ ወደ ወንዝ ነው። ቦርከና ደግሞ ከኮምቦልቻ ወርዶ ጨፋ የሚባለው የግጦሽ ሜዳ ይደርሳል፤ ከብቱም የሚጠጣው እሱን ነው።

ችግሩ ማጣሪያ ገንዘብ ይበላል። መብራቱ፣ ኬሚካሉ፣ ዝቃጩን ማስወገዱ።

አሁን ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተመረቀ አንድ ልጅ እናስብ። (ምሳሌ ነው፤ የትኛውንም ፋብሪካ እያልኩ አይደለም።) ጓደኞቹ ከሚያገኙት እጥፍ ደመወዝ ቀረበለት። ሥራው የፋብሪካውን ፍሳሽ ናሙና አስቀድቶ ሪፖርቱ ላይ መፈረም ነው። ማጣሪያው የሚሠራው ግን ናሙና በሚቀዳበት ቀን ብቻ ነው።

[ምስል፦ የመኪና ጭስ ማውጫ]

ይቺ ዘዴ በዓለም ታውቃለች። በፈረንጆቹ 2015 የተጋለጠው የጀርመኑ መኪና ሠሪ የቮልስዋገን ጉድ ይኸው ነው። የናፍጣ መኪናው ሶፍትዌር ፍተሻ ላይ መሆኑን ያውቅና ጭሱን ይቀንሳል። መንገድ ላይ ሲወጣ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባል ጎጂ ጋዝ ይለቃል። 11 ሚሊዮን ገደማ መኪና! ከመሐንዲሶቹ አንዱ በ2017 አሜሪካ ውስጥ 40 ወር እስር ተፈረደበት። አለቆቼ ናቸው ማለት አላዳነውም።

እምቢ ያለም አለ። በፈረንጆቹ 1985 ዴቪድ ፓርናስ የተባለ የኮምፒውተር ሳይንቲስት የያኔውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሬገንን የጠፈር ሚሳይል መከላከያ ያማክር ነበር። ክፍያው በቀን 1000 ዶላር። ሥራውን ጥሎ ወጣ። ጦር ሠራዊት ጠልቶ አይደለም፤ ቀድሞ ለባህር ኃይል ሠርቷል። በእውነተኛ ጦርነት ሊፈተሽ የማይችል ሶፍትዌር እንዴት ይታመናል ነው ያለው።

እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ፓርናስ ፕሮፌሰር ነው፤ የሚመለስበት ወንበር ነበረው። ያ የኮምቦልቻው ተመራቂ ግን ታናናሾቹን ያስተምራል። እናቱ «ምነው ልጄ፣ እንጀራ ይገፋል እንዴ?» ብትለው አይፈረድባትም። ገብተው ከለመዱ በኋላ መውጣት ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ናሙናውን የሚቀዳው ማነው? ማጣሪያው የቆመበትን ቀን ሪፖርቱ ላይ መጻፍ እችላለሁ? ሪፖርቱ ለማን ይሄዳል? ጉብኝት ከፈቀዱላችሁ የማጣሪያውን የመብራት ቆጣሪ እዩት። በየቀኑ ሲሠራ የከረመ ሞተርና ለናሙና ብቻ የሚነሳ ሞተር የሚቆጥሩት አንድ አይደለም።