ሞልዶቹን አትቁረጡብን

እንደምን ዋላችሁ።

አምስት ደቂቃ ነው የተሰጠኝ። «ምስጋና ብቻ» ተብያለሁ። ኃላፊዎቹ ወረቀቴንም ቀድመው ሊያዩት ፈልገው ነበር። እጄ ግራሶ ነው፣ ይቆሽሽባችኋል ብዬ ከኪሴ ሳላወጣው ቀረሁ።

እናመሰግናለን። ከልቤ ነው። 26 ዓመት የጓሮ ትራክተር የሠራሁበት፣ ልጆቼን ያሳደግኩበት፣ አሁን የሚዘጋው ፋብሪካችን ነው። ምስጋናው ይኸው ነው። አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሞልዶቹ፣ የትራክተሩን ብረት ቅርፅ የምናወጣባቸው፣ የሚቀመጡበት መደርደሪያ ጋ ሄድኩ። ልሰናበታቸው ነበር፤ አትሳቁ። ግማሹ የለም። የቀሩት ላይ በጠመኔ ኤክስ ተደርጎባቸዋል። እዚያ የቆመውን ልጅ «ምንድነው ይሄ?» አልኩት። «ጋሼ፣ ይቆረጣል ተብሏል። በኪሎ ነው የሚሸጠው» አለኝ።

በኪሎ!

ፋብሪካ ይዘጋል። ይሄ ይገባኛል፣ ሕፃን አይደለሁም። እኛ የመጀመሪያዎቹም አይደለንም። አሜሪካ ውስጥ፣ ሚቺጋን ሐይቅ ዳር፣ ፖርት ዋሽንግተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ቦለንስና ሲምፕሊሲቲ የሚባሉት ኩባንያዎች የጓሮ ትራክተር የሠሩት እዚያው ነው። የሲምፕሊሲቲ ፋብሪካ በ2008 እንደ ፈረንጆቹ ተዘጋ። የእነሱም ሠራተኞች እንደኛ የመጨረሻ ቀን ነበራቸው።

ግን ደግሞ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር የሚባለው የአሜሪካ የእርሻ መሣሪያ ኩባንያ በ1961 ከብ ካዴት የሚባል የጓሮ ትራክተር አወጣ። 7 የፈረስ ጉልበት፣ አንድ ሲሊንደር። በ1981 ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረው መሥመሩን ኤምቲዲ ለሚባል ሌላ ኩባንያ ሸጠው። ሸጠው ነው ያልኩት፣ ቆረጠው አላልኩም። ባለቤቱ ተቀየረ፣ ትራክተሩ ግን ስሙን ይዞ ቀጠለ። ፋብሪካ መዝጋትና ትራክተር መግደል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኔ የመጣሁት ይህችን ልናገር ነው።

ሞልዱ ከተቆረጠ የፊት አክስል የለም። መብሻ ልኩ ከጠፋ ቀዳዳው የት እንደሚበሳ የሚያውቅ የለም። የንድፍ ሥዕሉ ከተቃጠለ የማርሽ ቤቱን ጥርስ ማን ይቆጥራል? እስካሁን የሸጥናቸው ሁሉ አንድ ኩሽኔታ፣ አንድ ፔርኖ በጠፋ ቁጥር ጓሮ ውስጥ ቆመው ይዝጋሉ።

ብረት መቁረጥ ምን እንደሆነ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። በምሳ ሰዓት ስታነሱብኝ ኖራችኋል፤ ዛሬ ደግሞ እኔው ላንሳው።

በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። መብሻ ማሽን ላይ ነበርኩ። የአክስሉን የመሐል ቀዳዳ፣ ያ አክስሉን የሚይዘው ትልቁ ፔርኖ የሚገባበትን እበሳለሁ። መብሻው ላልቶ ኖሯል። ቀዳዳው በግማሽ ሚሊ ሜትር ሰፋ። ግማሽ! በዓይን አይታይም። አርባኛው ላይ ስደርስ ፔርኖውን ሰካ አድርጌ ነቀነቅኩት። ቀጭ ቀጭ አለ። ወደ ኋላ ሄጄ ሠላሳ ዘጠኙንም ሞከርኳቸው። ሁሉም ቀጭ ቀጭ።

መጀመሪያ ያሰብኩትን አልደብቃችሁም። ዝም ልል ነበር። ግራሶ ጠቅጥቄበት ልለቀው። ግራሶ ስንቱን ኃጢአት ይሸፍናል! ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጠዋት ለአለቃችን ነገርኩት። ያን ጊዜ የነበረው፣ ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይቺ ትራክተር ተዳፋት ላይ ትወጣለች። ማን እንደሚቀመጥባት ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አልኩት።

«እኔም አላውቅም። ለዚህ ነው» አለኝና መቁረጫውን አቀበለኝ።

አርባውንም በገዛ እጄ ቆረጥኩ። ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። አንድ ሰው ሊያግዘኝ ሲመጣ አለቃው ከሩቅ በዓይኑ መለሰው። ማታ ቤት ስገባ ፀጉሬ ውስጥ የብረት ብናኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን አላዘንኩም። የተበላሸ ነው፣ ይቆረጣል። ደህናው የሚቆረጠው ለምንድነው?

አንድ ሌላ ነገር። ባለፈው ዓመት አንድ አዛውንት በሩ ላይ መጡ። ትራክተራቸው ተጎታች ላይ ተጭናለች። ቀለሟን ፀሐይ በልቶታል። ወንበሯ በገመድ ታስሯል። ጥበቃው «አባቴ፣ እዚህ አይጠገንም» እያለ ሲመልሳቸው ደረስኩ። የመሪዋ ክንድ ተሰብሯል። የተሠራችበትን ዓመት ከታርጋዋ ላይ አነበብኩ፤ 31 ዓመቷ ነው። ገባሁና የዚያኑ ዕለት ከመሥመር ከወጡት ክንዶች አንዱን አመጣሁ። ገጠምኩት። ሳይሞረድ፣ በመዶሻ ሳይመታ ገባ። ሁለት ቡሎን፣ ሁለት ዳዶ፣ አለቀ።

አዛውንቱ ምንም አላሉኝም። ወንበሯ ላይ ወጡና ቾኩን ሳብ አድርገው አስነሷት። ድምፅዋን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ታስላለች፣ ከዚያ ትረጋጋለች። ተጎታቹ ላይ እንዳለች፣ እሳቸውም ላይዋ ላይ እንደተቀመጡ፣ ዝም ብለን ሰማናት። ጥበቃውም ሰማ።

እንግዲህ እኚህ ሰውዬ ሁለተኛ ትራክተር ከእኛ አልገዙም። በ31 ዓመት አንድ! ስብሰባው ላይ የታየንን ስላይድ ታስታውሳላችሁ? «ደንበኛው ተመልሶ አይገዛም» የሚለውን? ከውጭ የመጣው አጥኚ በቀይ አስምሮበት ነበር። እንደ በሽታ ነው የነገረን። ወገኖቼ፣ ያ በሽታ አይደለም! ያ ሥራችን ነው! ስላልተሰበረችልን ነው የተዘጋነው! ሰዉ አልገዛ ያለው ስለጠላን አይደለም፣ ያለችው ስለምትሠራለት ነው! ይህን ለመናገር አጥኚ መቅጠር አያስፈልግም ነበር፣ እኛን ቢጠይቁን በነፃ እንነግራቸው ነበር!

ሱቅ ውስጥ ሣር ማጨጃዋንም ትራክተር ይሏታል። ይበሏት። ሣር ብቻ እንድታጭድ የተሠራችውን ማረሻ አስራችሁ ሳቧት፤ ማርሽ ቤቷ አይችለውም። የእኛ ግን የፊት አክስሏ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ነው። የኋላ ጎማዋ ትልቅ ነው። ታርሳለች፣ ጋሪ ትጎትታለች፣ አፈር ትገፋለች። የሚሽከረከር ነገር ባለበት ሁሉ ግራሶ ማስገቢያ አለው። «በፕላስቲክ ቡሽ ቀይሩት፣ ይረክሳል» የተባለ ጊዜ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማን እንደጮኸ ታስታውሳላችሁ። ሁላችንም ነን።

ቤንጃሚን ግሬቭሊን የማታውቁት ካላችሁ፣ ሰውዬው ፎቶ አንሺ ነበር። መሐንዲስ አይደለም። የገዛ አትክልቱን መኮትኮት ሰልችቶት ከሞተር ሳይክል አካል አንድ ማረሻ ቀጣጠለ። ፓተንቱን በ1916 አገኘ። ከዚያ ነው በስሙ የሚጠራው፣ ከኋላው እየተራመዱ የሚነዱት የእጅ ትራክተር የመጣው። ይህን የማነሳው ከእናንተ መሐል ጋራዥ ለመክፈት ያሰባችሁ ስላላችሁ ነው። ሞልዱና ሥዕሉ ከተሰጣችሁ ትችላላችሁ። እኔ መብሻ ማሽኑ ላይ እቆማለሁ፤ አሁን ሳልበሳ በፊት መብሻው መጥበቁን አያለሁ።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። ያልተቆረጡትን አትቁረጡ። ሥዕሎቹን መለዋወጫ መሥራት ለሚፈልግ ስጡ። ከፈለጋችሁ በዋጋ ሽጡልን፣ እናዋጣለን። በኪሎ የሚከፍለው ሰውዬ የሚከፍለውን እኛም አናጣም።

ስለ ካሳው የሠራተኛ ማኅበራችን ይናገር፤ ከእኔ ይሻላሉ። የሎከር ቁልፍ ያልመለሳችሁ እስከ ዓርብ መልሱ ተብሏል። ክበቡ ውስጥ ለነበሩት እህቶቻችን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ዱቤዬን ስለታገሳችሁኝ አመሰግናለሁ። ከፍያለሁ፣ መዝገቡን እዩት።

ልመናችን የተጻፈበት ወረቀት በሩ አጠገብ፣ ሞርሳው ላይ ታስሯል። ስማችሁንና የሠራችሁበትን ክፍል ጻፉ። አንብባችሁ ፈርሙ፤ አንድ ገጽ ነው። እስክሪብቶው የእኔ ነው፣ እባካችሁ ኪስ ውስጥ አይግባ።