ማስታወቂያ ተለጠፈ፣ ፈረቃችን ተቀየረ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ የደወሉ አድማጮች እያደጉ ባሉ ድርጅቶች ስለሚወጡ አዳዲስ መመሪያዎች ጠይቀዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያው መልስ እነሆ።

ከሽምብጥ የደወለች አድማጭ፦ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል በመስተንግዶ ነው የምሠራው። ሁለተኛ ሕንፃ ተጨምሮ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ሰዓት መፈረሚያው አጠገብ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ ፈረቃችን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን። የትርፍ ሰዓት ስንጠይቅ «ድርጅቱ በእግሩ እስኪቆም ታገሡ» ተባልን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ እዚህ ላይስ ዝምታው ይጎዳሻል። እስቲ አብረን እናስላው። የምሳ አንድ ሰዓት ቢቀነስ በቀን 11፣ በሳምንት 66 ሰዓት ትሠሪያለሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎታል። ስለዚህ በየሳምንቱ 18 ትርፍ ሰዓት አለሽ ማለት ነው። ሕጉ የሚፈቅደው ቢበዛ 12 ነው፤ ያውም አደጋ ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ ወይም የቀረ ሰው መተካት ሲያስፈልግ እንጂ የዘወትር ፕሮግራም ሊሆን አይችልም። ክፍያውም የሰዓት ደመወዝሽ በ1.5 ተባዝቶ ነው፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። በጥምቀት እንግዳ ሲጎርፍ «ቲፕ ታገኛላችሁ» ቢሉሽ፣ ቲፑ ይህን ክፍያ አይተካም።

ደግሞም ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ብቻውን ውል አይቀይርም። አዋጁ ያልወሰነው የውል ሁኔታ የሚሻሻለው የሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው በሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት፣ በአግባቡ በወጣ የሥራ ደንብ ወይም በሁለታችሁ የጽሑፍ ስምምነት ነው። ማስታወቂያውንና የፈረምሽበትን ገጽ በየቀኑ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ጥያቄሽን በጽሑፍ አስገብተሽ ቀሪው ላይ «ተቀብያለሁ» አስብለሽ አስፈርሚ። መልስ ካጣሽ የከተማው ሥራና ሥልጠና መምሪያ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት አለልሽ፤ ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። አደራ የምልሽ ግን ቀኑን ነው፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው ካለፈ መጠየቅ አትችይም ማለት ነው። ስንቱ የላቡን ዋጋ «ዛሬ ነገ» ሲል እንዳጣ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ከዘንዘልማ የደወለ አድማጭ፦ የአሻራ ማሽን ከገባ ወዲህ አሥር ደቂቃ ያረፈደ የግማሽ ቀን ደመወዝ ይቆረጥበታል። ይቻላል?

መልስ፦ የሚቆረጠው ሕግ፣ ኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲኖር፣ አለዚያም አንተ በጽሑፍ ከተስማማህ ነው። የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቅ። ይህ ቢኖር እንኳ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝህ ከሲሶው በላይ አይነካም።

አንድ የድርጅት ባለቤት፦ በጥቂት ሰው ጀምረን አሁን ከ90 በላይ ሆነናል። መመሪያ ባወጣን ቁጥር ማጉረምረም ነው፤ ጎበዝ ጎበዞቹም እየለቀቁ ነው።

መልስ፦ ስለደወሉ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ባለቤት ይህን አይጠይቅም። ጥቂት ሳላችሁ ቅሬታው ቡና እየተጠጣ ጆሮዎ ይደርስ ነበር። አሁን መሐል ላይ የፈረቃ ኃላፊ፣ ሱፐርቫይዘር፣ ሥራ አስኪያጅ አለ፤ እያንዳንዱ መራራውን እየቀነሰ ነው የሚያደርስልዎ። ከየፈረቃው ሠራተኛው ራሱ የመረጣቸውን ሰዎች ጠርተው ረቂቁን ከመጽደቁ በፊት ያንብቡላቸው። ምክንያቱንም በግልጽ ይንገሯቸው፤ የነዳጅ ወጪ ከሆነ የነዳጅ ወጪ ይበሉ። ከሰጧችሁ ሐሳብ የቱን እንደተቀበላችሁ፣ የቱን ለምን እንዳልተቀበላችሁ በሳምንቱ መልሱላቸው፤ ይህ ሲዘለል ነው ሰው ሁለተኛ አፉን የማይከፍተው። ሠራተኞቹ ማኅበር ካቋቋሙም አይደንግጡ። አሥር ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ሕጉ ይፈቅዳል፤ ለእርስዎም ከዘጠና ሰው ጋር በየተራ ከመከራከር ይሻላል።

ከቀበሌ 14 የደወለ አድማጭ፦ አሥራ አራት ሆነን ፈርመን ቅሬታ አስገባን። «አሳዳሚዎች ናችሁ፣ ትባረራላችሁ» ተባልን።

መልስ፦ በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብም ሆነ የማኅበር አባል መሆን ከሥራ ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም፤ የአዋጁን አንቀጽ 26 አንብቡ። ስንብት ከመጣ ደብዳቤውን ተቀበሉ፤ «ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ቢቀርብላችሁ ግን አትፈርሙ። ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የሚቀርበው ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ነው።