ከሁለት እርምጃ ርቀት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ለዓመታት ቆሜ ስለሠራሁበት አንድ ቦታ ብቻዬን ላውጋችሁ። ቦታው ከነርስ ጀርባ ነው፣ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ።

ሥራዬ በሆስፒታል ውስጥ የሚደርሱ የመድኃኒት ስህተቶችን ማጥናት ነው። ነርሷ የመድኃኒት ጋሪዋን እየገፋች ከአልጋ ወደ አልጋ ስታልፍ እከተላታለሁ። ምን እንደሰጠች፣ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት፣ በአፍ ይሁን በደም ሥር እመዘግባለሁ፤ ከሐኪሙ ትእዛዝ ጋር የማመሳክረው በኋላ ነው። በሥራዋ ጣልቃ መግባት አይፈቀድልኝም። ሕመምተኛውን የሚጎዳ ነገር ሲመጣ ግን ዝም ማለት አይፈቀድልኝም።

አንድ ሌሊት ያ ነገር መጣ። ሕመምተኛው ሁለት ቱቦ ነበረው፤ አንዱ በአፍንጫው አልፎ ወደ ሆዱ፣ ሌላው በክንዱ ወደ ደም ሥሩ የሚገባ። ነርሷ በምግብ ቱቦው የሚሰጥ ሽሮፕ ቀዳች። ለአፍ መድኃኒት የተሠራው ሲሪንጅ ከክፍሉ አልቆ ስለነበር የቀዳችው በመርፌ ሲሪንጅ ነው። ወደ አልጋው ስትራመድ ስልክ ጮኸ። ሄዳ አነሳች። የሌላ ሕመምተኛ ቤተሰብ ነበሩ፤ በትዕግሥት መለሰችላቸውና ተመለሰች። እጇ ግን በየቀኑ ደጋግሞ ወደለመደው ቦታ ሄደ፣ ወደ ክንዱ።

“ሲስተር፣ አንድ ጊዜ ይቆዩ!” አልኩ።

ቆመች። ሲሪንጁን አየች፣ ቱቦውን አየች። ሽሮፕ ደም ሥር ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚያደርግ ለእርሷ መንገር አያስፈልግም። እጆቿ ሲንቀጠቀጡ አየሁ፤ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፉም። 20 ዓመት የሠራች፣ ሕመምተኞቿን በስማቸው የምትጠራ ባለሙያ ናት።

በወሩ መጨረሻ የክፍሉን የስህተት መዝገብ ከፈትኩ። ባዶ ነው። በዚያ ወር አንድም ስህተት አልተመዘገበም፤ ይኸው ዜሮ በስብሰባ ላይ እንደ ጥሩ ውጤት ቀረበ። በዚህ ሙያ ውስጥ ከሚያስፈሩኝ ነገሮች ሁሉ እንዲህ ያለው ዜሮ ይበልጥብኛል።

እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት አለ። 36 የጤና ተቋማት ውስጥ ከ2,500 በላይ የመድኃኒት አሰጣጦች በሦስት መንገድ ተፈተሹ። 457 ስህተቶች መፈጠራቸው በፋርማሲስቶች ተረጋገጠ። ከእነዚህ ውስጥ ቆሞ የተመለከተው ሰው 300 አገኘ። የሕመምተኞችን ቻርት ያገላበጠው 17 አገኘ። ሠራተኞች ራሳቸው የጻፉት ሪፖርት የያዘው 1 ነው። አንድ ብቻ።

ይህን የሰሙ ሰዎች “ታዲያ ነርሶች ይደብቃሉ ማለት ነው” ይሉኛል። አይደለም። ብዙውን ስህተት መፈጸሙን እንኳ አያውቁትም። ያወቁትን ለመጻፍ ደግሞ ቅጹ ራሱ ያስፈራል። የዚያ ሆስፒታል ቅጽ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የፈጻሚውን ስም ነበር። ምን አልቆ ነበር? ማን አቋረጠሽ? ስንት ሕመምተኛ ይዘሽ ነበር? የሚል መስመር ፈልጌ አጣሁ።

እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ፣ በቦስተን ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናትም ከልቤ አይወጣም። ሐኪሙ መድኃኒት ሲያዝ ከተፈጠሩት ከባድ ስህተቶች ግማሽ ያህሉ ሕመምተኛው ዘንድ ሳይደርሱ ተይዘዋል። መድኃኒቱ ሲሰጥ ከተፈጠሩት ግን የተያዙት 2 በመቶ ብቻ ናቸው። ለምን? ከሐኪሙ በኋላ ፋርማሲስት አለ፤ ከፋርማሲስቱ በኋላ ነርስ አለች። ከነርሷ በኋላ ያለው ሕመምተኛው ነው።

ስለዚህ “ተጠንቀቁ” የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሳይ እናደዳለሁ። እርሷ ተጠንቅቃ ነበር! እኔ የምፈልገው ከደም ሥር ቱቦ ጋር ጭራሽ የማይገጥመው የአፍ ሲሪንጅ በክፍሉ ውስጥ እንዳይጠፋ ነው። ሳይቀጥን ከተሰጠ ልብ የሚያቆመው ፖታሲየም ክሎራይድ ከነርሶች መደርደሪያ ወጥቶ ፋርማሲ ውስጥ እንዲቆለፍ ነው። “1.0” ተብሎ መጻፉ እንዲቀር ነው፤ ነጥቧ ከደበዘዘች 10 ትሆናለችና። ስልኩንም ሌላ ሰው እንዲያነሳው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የሲድኒ ጥናት ከ4,000 በላይ አሰጣጦችን ተከታትሎ፣ ነርሷ አንድ ጊዜ በተቋረጠች ቁጥር ስህተት ከ12 በመቶ በላይ እንደሚጨምር አሳይቷል።

መዝገቡን ካየሁ በኋላ ነርሷን በእረፍት ክፍሉ አገኘኋት። ገና ሳልጠይቃት፣ “ብጽፈው ስሜ እዚያ ይቀራል፤ ሲሪንጁ ግን አይመጣም” አለችኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። እኔስ ከራሴ የጥናት ማስታወሻ በቀር የት ጻፍኩት? ለሆስፒታሉ ያቀረብኩት ነገር አልነበረም። ቅጹን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና አብረን እንጻፈው አልኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ገለበጠችውና በጀርባው፣ ምንም መስመር በሌለበት በኩል፣ “የአፍ ሲሪንጅ ከማክሰኞ ጀምሮ አልነበረም” ብላ ጻፈች። ስልኩ ስንት ሰዓት ላይ እንደጮኸ ከማስታወሻዬ አይቼ ከሥሩ እኔ ጨመርኩበት።